ወንዛዬ ደርሶ የተመለሰው ሰፈር

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምሮበት እንደሆነ ጣራ ገዳም ይፍረድ፤ የርብ ውሃ ሽቅብ ይፍሰስ፤ የፎገራ ሩዝ በሙሉ እንክርዳድ ሆኖ ይብቀል። እንዲያውም ብዙ ተቀንሶለታል። ሙሉው ቢጻፍ ወረቀቱ አይችለውም፤ የሚያነበውም ሰው ከወንበሩ ይወድቃል።

ዘንድሮ በግንቦት፣ ማክሰኞ ጧት፣ ትርሲት የምትባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ አንድ ቅጽና አንድ እስክሪብቶ ይዛ ወረታ ካለው ከአንለይ ሻይ ቤት ገባች። ከደብረ ታቦር ተዛውራ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ከተማውን የምታውቀው በባጃጅ መጋረጃ ቀዳዳ የሚታየውን ያህል ነበር። ሥራዋ በአስፋልቱ ዳር ለሚገኙ ሰፈሮች ስም ማስያዝ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰፈሩን መሠረትሁ የሚል ሰው ታሪኩን ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ከሥር አንድ ምስክር ይፈርማል፣ ሰፈሩ በሰውየው ስም ይጠራል። ምስክሩ አልፈርም ካለ ስሙ ወደ ሁለተኛው አመልካች ያልፋል።

ሁለተኛው አመልካች አዛናው ነበር። አንለይን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነው። አዛናው ከመንገዱ ማዶ የሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ቀኑን ሙሉ የሩዙን ገለፈት አንለይ ሻይ ላይ ይነፋል። አንለይ ዓይኑን በከደነ ቁጥር የሚታየው አንድ የሚኒባስ ረዳት ነው፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አዛናው ሰፈር ወራጅ አለ!» እያለ ይጮኻል። ዛሬ ይጮኻል፣ ነገ ይጮኻል፣ አንለይ ከሞተ በኋላም ይጮኻል። አንለይና ሚስቱ ይርገዱ ልጅ አልወለዱም። ስሙን የሚያስጠራለት ነገር ቢኖር ይህ ረዳት ብቻ ነው፤ እሱንም አዛናው ሊወስድበት ነው።

ስለዚህ አንለይ ያን ቀን ጢሙን አበጥሮ፣ ወገቡን በፎጣ ጠበቅ አድርጎ አስሮ፣ ወንበሩን ከቤቱ መሐል ከዋንዛዋ ሥር አስቀመጠ። ዋንዛዋ ከሻይ ቤቱ ወለል በቅላ፣ ቆርቆሮውን በስታ ወደ ሰማይ የምትወጣ ዛፍ ናት፤ ግንዷን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፋትም። ኮቱንም ሬዲዮውንም የሚሰቅለው እሷ ላይ ነው። ጀርባውን አስደገፈባትና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ አንለይ፣ ይህን ሰፈር የመሠረቱት እርስዎ ነዎት?» አለች ትርሲት።

«መሠረተ ማለት ያሳንሰዋል፣ የኔ እኅት። ተሸክሜ ነው ያመጣሁት።»

ትርሲት እስክሪብቶዋን አነሣች። «ምስክርዎስ?»

«ያችውልሽ» አለ፤ ይርገዱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ስትወጣ በአገጩ እያሳየ። «ሠላሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች። እሷ ያላየችው ነገር አልሆነም ማለት ነው።»

ይርገዱ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች፣ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረገች፣ ወደ ጓዳ ተመለሰች። አንለይም ጀመረ።

ሰፈሩ የተወለደው ከተማ ሁሉ እንደሚወለደው ነው፤ መኪና ተበላሽቶ። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ የጨው መኪና ከጎንደር ሲመጣ በድሮው ቦታ ዋልካ ውስጥ እስከ መስተዋቱ ተቀበረ። ሾፌሩ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ሻይ አፈላችለት። በሁለተኛው ቀን ጸጉር አስተካካይ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጎሚስታ ተከፈተ። በአራተኛው ቀን መኪናው ወጥቶ ሄደ፤ ከተማው ግን ቀረ።

በደጉ ዘመን በሰፈሩ መኪና ከመብዛቱ የተነሣ ሰው ከቤት ወደ ቤት የሚሻገረው በመኪና ጣሪያ ላይ እየተራመደ ነበር። ሙሽሮች የሚዳሩት ከአንዱ ተሳቢ ወደ ሌላው ተሳቢ ነው። አንለይ በቀን አራት ሺህ ሻይ ይሸጥ ነበር።

«አራት ሺህ?» አለች ትርሲት።

«በጾም ቀን።»

ጻፈችው። አንለይ ስትጽፍ አይቶ ልቡ ሞቀ፤ ስድስት ሺህ ባለማለቱም ቆጨው።

ካቻምና አዲሱ አስፋልት ሊሠራ ሲቀየስ መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሩዝ ማሳው መሐል ለመሐል ሄደ። ሰፈሩ ከመንገድ ተነጠለ። ታዲያ ከተማ እንደ ሰው ባንድ ጊዜ አይሞትም። መጀመሪያ የሚሄደው ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ መስተዋቱን በጀርባው አዝሎ ሲሄድ ሰፈሩ ራሱን ለመጨረሻ ጊዜ በመስተዋቱ ያያል። ከዚያ ጎሚስታው ጎማውን እያንከባለለ ይሄዳል። ከዚያ ውሾቹ። በመጨረሻም የፎገራ ላሞች መናኸሪያው ውስጥ ገብተው፣ በወረፋ ተሰልፈው ያመሰኳሉ። በአንድ ወር ውስጥ በሰፈሩ ያለፈ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ የጠፋው ሙሽራ የያዘ ነው። ሰፈርተኛው ሙሽራውን ሦስት ቀን አላስወጣም አለው፤ ለምኖ፣ አልቅሶ፣ አብልቶ፣ «ሌላ ሚስት እንሰጥሃለን፣ እዚሁ ቅር» ብሎት ነበር።

ያን ጊዜ አንለይ ይህችኑ ዋንዛ ተደግፎ አሰበ። ገበሬ ቤት የሠራበት ቦታ ካልተስማማው ምን ያደርጋል? ደቦ ይጠራል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጣሪያውን ከነማገሩ ብድግ ያደርጋል፣ ትከሻው ላይ ጭኖ ደረቅ ቦታ ወስዶ ያስቀምጣል። ጎጆ ከተነሣ፣ ቆርቆሮ ቤት ለምን አይነሣም? ቆርቆሮ ቤት ከተነሣስ፣ ሰፈሩ ለምን አይነሣም?

ወዲያው ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። መሪጌታ ይሄይስ ከዋርካው ሥር ተማሪ ያስቀጽሉ ነበር።

«መሪጌታ፣ ሰፈሩን ላነሣው ነው» አላቸው።

«ከምን ላይ?»

«ከመሬት ላይ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ፣ ሰማዩን አዩ፣ ወሩን ቆጠሩ። «እሑድ እንዳይሆን» አሉት።

አምና ሰኔ በባተ በአራተኛው ቀን ሦስት መቶ ሰው ተሰበሰበ።

«ሦስት መቶ» እያለች ትርሲት ጻፈች።

«ከኔ ወገን ብቻ። ከነሚስቴ ወገን ሰባት መቶ።»

ሰረዘችና ሰባት መቶ አለች። አንለይ ወደ ጓዳ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ እዚያ ብርጭቆ መታጠቡ ቀጥሏል። «ጎረቤት ቀበሌው ሲቆጠር ሺህ አራት መቶ» ብሎ ጨመረበት።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከአንለይ ጣሪያ ላይ ወጡ። ጣሪያ የተሸከመ ሰው ከፊቱ ያለው ሰው ማጅራት እንጂ መንገዱ አይታየውም፤ ስለዚህ ከላይ ሆኖ የሚመራ ያስፈልጋል። መሪጌታ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ሲመቱ ግራ እግር፣ ሁለት ጊዜ ሲመቱ ቀኝ እግር ይነሣል። «ብድግ!» አሉ። አርባ አንድ ቤት ባንድ ጊዜ ብድግ አለ። ከሥራቸው አይጥ፣ ሳንቲም፣ የጠፋ ማንኪያና የስንት ዘመን ሐሜት ወጣ።

ይርገዱ ቀይ ዶሮ ነበረቻት። ዶሮዋም ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ ከመሪጌታ ጎን፣ ክንፏን ዘርግታ ቆመች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቁላሏ ሞላላ መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ቅርጽ አወጣ።

ሰፈሩ ሲሄድ ሥራ አልቆመም። ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ይሰፋል፤ አንዲት ሱሪ ግራ እግሯ ወረታ ላይ ተሰፍቶ ቀኝ እግሯ አራት ቀበሌ አቋርጦ ነው ያለቀ። ፋርማሲው ክኒን ይቆጥራል። መንገደኞች አውቶቡስ መስሏቸው እየሮጡ ይንጠለጠላሉ፣ «ባሕር ዳር ነው?» ሲሉ አንለይ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሻይ ቤት ነው፤ ግቡ!» ይላቸዋል። አዛናው ግን ደቦውን አላግዝም ብሎ ቀረ። መፈልፈያው በቅናት ብቻውን እየተንፏቀቀ ተከተላቸው።

«መፈልፈያው? ማሽኑ?»

«ጽፊው። ከፈለግሽ ሂጂና ጎማ እንዳለው እይው፤ የለውም። ታዲያ እንዴት መጣ?»

ትርሲት ጻፈችው።

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ። ሰፈሩ ቆመ። ፖሊሱ አንለይን «ታርጋ!» አለው። አንለይ በሩ ላይ የተለጠፈችውን የቤት ቁጥር አሳየው። ፖሊሱ አገላብጦ አያትና «የኋላዋስ?» አለ። የጓዳውን በር አሳዩት። «ትርፍ ጭናችኋል» አለ ቀጥሎ፤ ሻይ የሚጠጡትን ቆጥሮ። ሦስት ሰው አስወረደና አራተኛ ሆኖ እሱ ገባ።

ቀትር ላይ አዲሱ አስፋልት ዳር ደረሱ። ቦታው ደረቅ ነው፤ መኪናው እንደ ንብ ይተማል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው «አውር...» ብለው ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ። ወደ ታች ጎንበስ ብለው «አንለይ፣ ባለቤትህ ወዴት አለች?» አሉ።

አንለይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

በሰፈሩ ወግ በደቦ የተነሣ ጣሪያ የቤቱ እመቤት በገዛ እጇ ጠላ ሳትቀዳ መሬት አይነካም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ጠላ ያልተቀዳበት ጣሪያ መልሶ ያፈሳል፣ ባልና ሚስት ያጣላል፣ በላዩ ድመት አይተኛበትም። አንለይ ቆርቆሮውን ቆጥሯል፣ ሰዉን ጠርቷል፣ ሰማዩን አስመርምሯል፤ ሚስቱን ግን ቤትሽ ሊሄድ ነው ብሎ አልነገራትም።

እዚህ ላይ አንለይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወደ ትርሲት ጠጋ ብሎ፣ «ይርገዱ ያን ጊዜ ጉልበቷን አሟት ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ ነበረች። ሙሉ ወር፤ ተዘፍዝፋ፤ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ» አላት።

ጓዳ ውስጥ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ መትታ ቀጭ አለች። አንለይ ወገቡን ዳበስ አድርጎ፣ ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገና ገሰገሰ።

ደውሎላት ነበር፤ ፍል ውሃ ውስጥ ስልክ ይዞ የሚገባ የለም። ሺህ አራት መቶ ሰው ጣሪያ ተሸክሞ ይጠብቃል። ጣሪያ ይዞ መቆም ደግሞ ይዞ ከመሄድ ይከብዳል። «መሪጌታ፣ እንዴት እናድርግ?» አላቸው። እሳቸውም ቆርቆሮውን አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ መቱና «ወደ ወንዛዬ» አሉ።

ሰፈሩ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ሄደ። ርቆ ለሚያየው ሰው የጣና ውሃ ከነማዕበሉ ተነሥቶ ወደ ተራራ የሚወጣ ይመስላል፤ ቆርቆሮው እንደዚያ ያብለጨልጫል። የጎንደር መንገድ ሾፌሮች ሻያቸው ሲሄድባቸው ጊዜ መሪያቸውን አዙረው ተከተሉ። ባለ ጎማ ሁሉ ከኋላ፣ ባለ ኮቴ ሁሉ ከፊት ሆነ። ከዚያ ነው እንግዲህ ጉዱ፤ ቆሞ ሲሞት የነበረው ከተማ ሲራመድ ዳነ። ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማ የነበረች ጎጆ ሁሉ ሰፈሩ ሲያልፍ ልቧ እየተነሣ ተቀላቀለች። ጸጉር አስተካካዩ መስተዋቱን አዝሎ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከች አለ። አርባ አንድ ሆነው የወጡ ቤቶች ጉማራን ሲሻገሩ ስልሳ ሦስት ነበሩ፤ አንዱም ሁለት ፎቅ ነበረ።

«ፎቁ አሁን የቱ ነው?» አለች ትርሲት፤ በበሩ ወደ ውጪ እያየች።

«መንገድ ላይ ደክሞት አንዱን ፎቅ አወረደው።»

በሦስተኛው ቀን ወንዛዬ ደረሱ። ይርገዱ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ነበረች። ቀና ስትል ቤቷ ከነበሩ፣ ከነሬዲዮው፣ ከነቀይ ዶሮዋ ከፍል ውሃው በላይ ካለው ገደል ጫፍ ቆሞ ያያታል። አልደነገጠችም፤ እሷን ምን ያስደነግጣታል። «የጓዳውን በር ዘግተኸዋል?» አለች አንለይን።

«ኧረ ነይ ጠላ ቅጅ! ሰዉ አለቀ!»

ከውሃው ወጥታ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል መሪጌታ ከላይ «ቆይ!» ብለው ጮኹ። እዚህ ከተቀዳ እዚሁ መውረድ ነው። ሰፈሩ ፍል ውሃ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሻይ ማን ይገዛል? ውሃው ራሱ የፈላ ነው። ስለዚህ እመቤቲቱን ማንቆርቆሪያውን እንዳስያዙ ሻይ ቤቱ ውስጥ አስቀመጧትና መልሰው ተሸከሙ። ሌላ ሦስት ቀን። ይርገዱ ጠብታ ሳታፈስስ፣ እጇን ሳታጥፍ ተቀምጣ መጣች። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ በስድስተኛው ቀን ጠላው ተቀዳ፣ መሪጌታ «አውርድ!» አሉ፣ ስልሳ ሦስቱም ቤቶች ባንድ ጊዜ ዱብ አሉ። ድምፁ ደብረ ታቦር ድረስ ተሰማ።

«አንችስ አልሰማሽም? አምና ሰኔ? ሐሙስ ዕለት?» አላት ትርሲትን።

«ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር» አለች ትርሲት ሳታስበው።

«እኛ ነን!»

አንለይ ጨረሰ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ውጪ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ በሩን ይደበድባል፤ ለጊዜው የሚጠራው ስም ስለሌለው «እዚህ ጋ ወራጅ!» ብቻ ይላል። አንለይ ድምፁን ሲሰማ አንገቱን እንደ ሙሽራ ዘንበል አደረገ። አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

ትርሲት ቅጹን አገላበጠች። ሦስት ገጽ ሞልቷል። ከዚያ ዓይኗ ከአንለይ ትከሻ በላይ ወጣ፤ ግንዱን ይዞ እስከ ቆርቆሮው ቀዳዳ ድረስ ሄደ፤ ወደ ሥሩም ወረደ። የዋንዛዋ ሥር ወለሉን ሰንጥቆ እንደ ክንድ ወፍሮ ተጋድሟል።

«አያ አንለይ፣ ዛፏስ?»

አንለይ ወደ ኋላ ዞሮ ዋንዛዋን ዛሬ ገና እንዳያት ሰው አያት። «እሷማ» አለ፣ «ለእኛ ጥላ መሆን ለምዳ ሳለች ብቻዋን ትቅር? ሥሯን እንደ ቀሚስ ሰብስባ በእግሯ ተከተለችን።»

ትርሲት ይህን አልጻፈችም። ቅጹን ይዛ ወደ ጓዳው በር ዞረች። ይርገዱ እጇን በመቀነቷ እያደረቀች ደፍ ላይ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች የሚያውቅ የለም።

«እትዬ ይርገዱ፣ የምስክር ቦታው ይኸ ነው። አይቻለሁ ብለው በሚካኤል ምለው ነው የሚፈርሙት።»

አንለይ ሚስቱን አያት። ዓይኑ ያ የረዳት ጩኸት ያለበት ዓይን ነበር። «ይርጌ» አላት፤ ከሠርጋቸው ወዲህ እንደዚህ ጠርቷት አያውቅም።

ይርገዱ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ወረቀቱን ሳይሆን ባሏን ትንሽ አየችው፤ አልተቆጣችም። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀዘቀዘው ሻይ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ቤቱ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፣ ልጄ» አለች። ድምፏ የሻዩ ስኳር ይበቃሻል ወይ ብላ እንደምትጠይቅ ሰው ነው። «መንገዱ ነው የመጣ። በአምናው ክረምት ርብ ሞልቶ ያን አዲሱን አስፋልት ዋልካ ሲውጠው ጊዜ መልሰው በኛ በኩል ሠሩት። አዛናውም እዚያው የነበረበት ነው ያለ። ጉልበቴን ደግሞ አሞኝ አያውቅም። ወገቡን አሞት ወንዛዬ የነበረ እሱ ነው፤ አምና ግንቦትንም ሰኔንም። እኔ እዚህ ነበርሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ መኪና አላለፈም፤ ምናልባት ቢያልፍ ብዬ ጧት ጧት ውሃ እጥድ ነበር።»

አንለይ ፎጣውን ከወገቡ ላይ ፈታና ጭኑ ላይ አደረገው።

«ከዚህ ሰፈር የተነሣ ነገር ቢኖር የዶሮ ቆጧ ናት» አለች ይርገዱ፤ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች። «ከግድግዳው ወዲህ ወደ ምድጃው ጠጋ አደረግናት፤ እኔና ጎረቤቴ ሸዋነሽ፣ ለሁለት። ጠላም አልተቀዳ።»